የመሀል አዲስ አበባ ገበታና ካንሰር

ከካንሰር የሚፈውስ ምግብ የለም። ይህን መጀመሪያ እንጨርሰው፤ በቴሌግራም የሚዞረው ሎሚ በሙቅ ውሃና ነጭ ሽንኩርት በማር ሰውን ከሐኪም ከማዘግየት ውጪ ለዚህ በሽታ ፋይዳ የለውም። አመጋገብ የሚያደርገው የመያዝ ዕድልን መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ካንሰር መከላከል ይቻላል ይላል፤ ያ ግን ትምባሆም፣ አልኮልም፣ ውፍረትም፣ ኢንፌክሽንም ተደምሮ ነው እንጂ ሰላጣ ብቻውን አይደለም።

ደግነቱ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ለሚውል ሰው ጥሩ ምግብ ሩቅ አይደለም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ምግብ ቤት ጎራ ብላችሁ በያይነቱ እዘዙ። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶልያ በካሮት፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ 25 ግራም ደግሞ ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ይመከራል፤ ከዚህ ትሪ በላይ ወደዚያ የሚያስጠጋ ምሳ እኔ አላውቅም። ፋይበር ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲያልፍ ይረዳል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ከሱ የሚሠሩት አሲድ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ይመግባል። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ሙሉ እህል ነው። ሲወደድ ግን ሩዝ ይቀላቀልበታል፣ እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ፋይበሩ ይቀንሳል። ቀይ ጤፍ የሚንቅ ሰው አሁንም አለ፤ ከማኛው የሚያንስበት ነገር ለኔ አይታየኝም።

ጾም ሁሉ ግን ጤና አይደለም። ጎመኑ ዘይት ውስጥ ሲዋኝ፣ ቁርሱ ቦምቦሊኖ መክሰሱ ሳምቡሳ ሲሆን፣ ሥጋ አልበላሁም ማለት ብቻውን አያዋጣም። ጨውም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ባይበልጥ ይመረጣል።

ወደ ሥጋ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀነባበረ ሥጋን፣ እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያለውን፣ ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀይ ሥጋ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው መደብ ነው ያለው። የሚመከረው ጣሪያ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ ነው፣ በጥሬው ቢበዛ ሦስት ሩብ ኪሎ። እኛ ግን ጾም ሲፈታ ሥጋ ቤት ገብተን የሳምንቱን በአንድ ማታ እንጨርሰዋለን! ጥሬ ሥጋ ብዙ ጊዜ የሚታማበት ኮሶ ሌላ ጉዳይ ነው። ለካንሰር ይበልጥ የሚያሳስበው በከሰል እሳት ጠርዙ እስኪጠቁር የተጠበሰው ነው፤ ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስም ጎጂ ኬሚካል ይዞ ተመልሶ ሥጋው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥብስ ስታዙ «ደረቅ ይሁን» ማለቱን ቀነስ፣ የጠቆረውንም ገለል አድርጉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሻጋታ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል። መቁላት ወይም ማፍላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተጨማደደ ወይም የመረረ ለውዝ አፍ ውስጥ ከገባ ይተፋ። በርበሬ ደግሞ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ተሰብሮ ውስጡ ይታይ፤ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ካለው ይጣል፣ ያሳዝናል፣ ግን ይጣል።

መጠጡ ላይ ማስዋብ አያስፈልግም። ቢራም፣ ጠጅም፣ አረቄም ያው አልኮል ነው፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰር ዕድልን ይጨምራል፣ ከካንሰር አንጻር ምንም አያደርግም የሚባል መጠንም የለውም። ቡናችን ግን ካንሰር ያመጣል ከሚለው ጥርጣሬ ነፃ ወጥቷል፣ እንዲያውም የጉበት ካንሰርን ዕድል ከመቀነስ ጋር ይያያዛል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ ነገር፣ ሻይም ቢሆን፣ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወስደውን የምግብ ቧንቧ እየደጋገመ ያቃጥላል። ሲኒው እስኪበርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማውራት ነው፤ ቡና ላይ ደግሞ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።