የጥገና ስህተትና የአብራሪ ስህተት ሲገጣጠሙ

አውሮፕላን በወደቀ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ «ጥፋቱ የአብራሪው ነው ወይስ የቴክኒሻኑ?» የሚል ነው። የምርመራ ሪፖርት ላገላበጠ ሰው ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «የሁለቱም» ነው። ጥገና ላይ የተሠራች ስህተት ማንንም ሳትነካ ልትቆይ ትችላለች። ጉድ የሚፈላው አብራሪው ሳያያት ሲቀር ወይም በችኮላ ሲያባብሳት ነው።

ለዚህ ከቆጵሮሱ አየር መንገድ ከሄሊዮስ በረራ 522 የከፋ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ኦገስት 14 ቀን 2005 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከቆጵሮስ ላርናካ በአቴንስ በኩል ወደ ፕራግ ሊሄድ ተነሳ። ከበረራው በፊት የኋላው በር ላይ ችግር አለ ተብሎ ስለነበር፣ ካቢኑ (ሰው የሚሳፈርበት ክፍል) አየር ያስወጣ እንደሆነ ተፈትሿል። ለፍተሻው የካቢን ግፊት መቆጣጠሪያው ከ«አውቶ» ወደ «ማኑዋል» ዞረ። መልሶ የማዞሩ ነገር ተረሳ፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የካቢኑ የአየር ግፊት በራሱ አይስተካከልም። እንግዲህ አንዲት ማዞሪያ ናት! አብራሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊትም፣ ከተነሱ በኋላም ቼክሊስት (ተራ በተራ የሚረጋገጥ ዝርዝር) ሲያነቡ አላስተዋሏትም። ሽቅብ ሲወጡ የካቢን ግፊት ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ድምፁ ግን አውሮፕላኑ ለመነሳት በትክክል ሳይዘጋጅ ሲቀር ከሚጮኸው ጋር አንድ ነበር፤ እነሱም ያኛው መሰላቸው። ስለ መሣሪያ ማቀዝቀዣ ከምድር ካለ ኢንጂነር ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ ኦክስጅን አጥሯቸው ራሳቸውን ሳቱ። አውሮፕላኑ በአውቶፓይለት (በራሱ በሚያበር መሣሪያ) ሲበር ቆይቶ ነዳጁ አለቀና አቴንስ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 121ዱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ።

የኤር ትራንሳት በረራ 236 ታሪክ ደግሞ ፍጻሜው ያማረ ነው። ኦገስት 2001 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን የሚበረው ኤርባስ ኤ330 ቀኝ ሞተሩ ተቀይሮለት ብዙም አልቆየም። ሞተሩ ሲገጠም እርስ በርስ የማይስማሙ የነዳጅና የሃይድሮሊክ ቱቦዎች ተቀላቀሉ። ሁለቱ እየተፋተጉ የነዳጁ ቱቦ ተሰነጠቀ። አብራሪዎቹ የሁለቱ ክንፎች ነዳጅ እኩል አለመሆኑን ሲያዩ፣ ቼክሊስቱን ሳይከፍቱ በትዝታ ብቻ የግራውን ነዳጅ ወደ ቀኝ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ከፈቱት። ደህናው ነዳጅም በዚያው ቀዳዳ ፈሰሰ። ሁለቱም ሞተሮች አትላንቲክ ላይ ጠፉ። አውሮፕላኑ 19 ደቂቃ ያህል ያለ ሞተር ተንሳፍፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ፤ 306ቱም ሰዎች ተረፉ። አብራሪዎቹ እንደ ጀግና ተወደሱ፤ ሲያሳርፉት ላሳዩት ችሎታ ይገባቸዋል። ቫልቩን ባይከፍቱት ግን የግራው ሞተር ይዟቸው ይደርስ ነበር።

አንዳንዴ ብልሽቱ የታወቀ ነው፤ ብቻ ይለመዳል። ዲሴምበር 2014 በ162 ሰዎች ሞት ያበቃው የኤርኤዥያ በረራ 8501 የጅራት መሪ መቆጣጠሪያው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ ብየዳው ተሰንጥቆ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተመዝግቧል፣ ሥሩ ግን አልተነቀለም። በመጨረሻው በረራ ማስጠንቀቂያው አሁንም አሁንም ሲመጣ፣ ምርመራው እንደሚያመለክተው፣ ሠራተኞቹ አየር ላይ ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ብሬከር ነቀሉት። አውቶፓይለቱ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን በእጅ መቆጣጠር አቃታቸው።

ጥገናን «ሁለተኛ ሰው ያጣራ» የሚለው ደንብ የመጣው እንዲህ ያለ ስህተት እንዳያልፍ ነው። እሱም ቢሆን ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያው ተማምኖ ከፈረመ ዋጋ የለውም። ኦክቶበር 1996 ከሊማ የተነሳው የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ሲታጠብ የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ነበር። ሠራተኛው ሳይልጠው ቀረ፤ የሚያጣራውም፣ አውሮፕላኑን ዞሮ ያየው ካፒቴንም አላየውም። የፕላስተሩ ቀለም ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ይመሳሰላል። በሌሊት ባሕር ላይ ከፍታና ፍጥነት የሚነግሯቸው መሣሪያዎች ሁሉ ሲዋሹባቸው 70 ሰዎች ሞቱ።