የሕዝቅያስ የበለስ ጥፍጥፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት እስኪደርስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ እውነቱን አልሸሸገውም፤ ቤትህን አስተካክል፣ ትሞታለህ አለው። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። የፈውሱን ቃል ያመጣው ያው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ (ኢሳ. 38)። ጸሎቱ ከተሰማ ጥፍጥፉ ለምን አስፈለገ ያለ የለም። እኛ ግን ካንሰሩ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ሲያቃስት ለሚያድር ወንድማችን ሞርፊን የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝ «ጠበሉን ይዞ የለም እንዴ?» እንላለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ረስተነዋል መሰለኝ።

የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም የሕመምተኛውን ሥቃይ የሚያቀልለው ሕክምና፣ «ሐኪሞቹ ጨረሱ» ሲባል የሚጀመር የሚመስለን ብዙ ነን። የካንሰር፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ዋናውን ሕክምና እየተከታተለም ጎን ለጎን ያገኘዋል፤ ቀደም ብሎ ሲጀመርም ይሻላል።

ሞርፊን በአፍ ሲወሰድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይሠራል፣ 4 ሰዓት ያህልም ይቆያል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከዚያም የምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የመጨረሻውን ሐኪሙ እጥፍ ካደረገው ሌሊቱን ያሳድራል። ሕመሙ ሲብስ ብቻ የሚሰጥ ቤተሰብ ሁልጊዜ ከሕመሙ ኋላ ይሮጣል፤ «መድኃኒቱ አልያዘውም» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ፈሳሹን በሻይ ማንኪያ አትለኩት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሁን። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ጽሑፉን አንብቡ፤ ጥንካሬው ከፊተኛው ሊለይ ይችላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱና ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፣ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታዘዝ፤ ሆዱ ደርቆበት ሞርፊኑን የሚተው ብዙ ነው። በድንገት ማቋረጥ ሌላ ሥቃይ ያመጣል። ለመቀስቀስ እስኪያስቸግር ከተኛ ወይም ትንፋሹ እጅግ ከዘገየ የሚቀጥለውን ሳትሰጡ ወዲያው ለሐኪሙ ደውሉ። ለሕመም በልክ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አይጠራም፤ ሱሱም የሚፈራውን ያህል አይደለም።

ጠበል ወይም ገዳም መሳለም ከተመኘ ውሰዱት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ የጀልባው መንገጫገጭ አጥንት ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን ከመሳፈሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውሰድ፤ ፍራሽና የሚቀጥለው መጠን በእጃችሁ ይሁን። በጣና ደሴት ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማትገባ አስታማሚዋ እናት ወይም ሚስት ከሆነች መድኃኒቱን የሚያውቅ ወንድ አብሮ ይሂድ። አቅም ለሌለው ሰው ቀዝቃዛ ጠበል በራሱ ላይ ማፍሰስ ግድ አይደለም፤ ግንባሩን ማስነካት እንደሚበቃ ካህናቱን አማክሩ።

አሁን ወደ አልጋው። ዳዊት እግዚአብሔር የታመመውን ሰው በአልጋው ላይ እንደሚረዳው፣ መኝታውንም እንደሚያነጥፍለት ይዘምራል (መዝ. 40)፤ አንጣፊዎቹ እንግዲህ እኛ ነን። መገላበጥ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት። ሁለት ሰው ሆናችሁ በአንሶላው አንሱት፤ ከጎተታችሁት ቆዳው ይላጣል። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ትራስ፣ ከባቱ ሥር ሌላ አድርጉ፤ ተረከዙ ፍራሹን አይንካ። የጥቁር ቆዳ መቅላት በዓይን ስለማይለይ ወገቡንና ዳሌውን በእጅ ዳስሱ፤ ከዙሪያው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ የአልጋ ቁስል መነሻ ነው። እዚያ ላይ ተደግፎ አይተኛ፣ አትሹትም፤ ማሸት ከሥር ያለውን ሥጋ ይጎዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በፍራሹ ላይ ላስቲክ ከተነጠፈ ከሥር ያልበዋል፣ ላስቲኩ ላይ ነጠላ ደርቡ። የሚሸት ቁስል ካለ ውኃ አፍሉ፤ በግማሽ ሊትሩ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና ለብ ሲል እጠቡ፤ ሐኪም ካዘዘ ሽታውን የሚቀንሰው ሜትሮኒዳዞል የተባለ መድኃኒት ተፈጭቶ ይነሰነስበታል። ዕጣኑ ቤቱን ያውደው፣ ቁስሉን ግን አያጸዳም።

በግድ ማጉረስም ፍቅር አይደለም። ሰውነቱ እየደከመ ሲሄድ መብል ይጠላል፤ ቀጠን ያለ አጥሚት ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃዋል። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቱ ይፍቱት፣ በራሱ አይጨነቅ።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታችን ነው። ልጆች «አትንገሩት፣ ይደነግጣል» ብለው ሐኪሙን ይማጸናሉ። እሱ ግን እውነቱን ከፊታችን ላይ ያነብበዋል፤ የሚጠይቀው አጥቶ ብቻውን ይፈራል። መጀመሪያ «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» በሉት፤ በሚሰጣችሁ መልስ ልክ ንገሩት። ንስሐ የሚገባው፣ የተጣላውን የሚታረቀው፣ የሚናዘዘው ቀን ሲተርፈው ነው። መዋጥ ሳይሳነው ካህኑን ጥሩለት፤ ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል መዋጥ አለበትና።

ጠያቂ በዛ ብሎ ክፍሉን አይሙላው። ሰንበቴው ወይም ጽዋ ማኅበሩ ተራ ያውጣና በሳምንት ሁለት ሌሊት አስታማሚዋን ያስተኛት። ታምሜ ጠይቃችሁኛል የሚለው ቃል እሷንም ይጨምራል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮው ያንኮራፋል። በጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው ጠበልም ቢሆን በአፉ አታፍስሱ፣ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ጥጥ በጠበሉ ነክራችሁ ከንፈሩን አርጥቡ። ባይመልስላችሁም ይሰማ ይሆናልና ዳዊቱን ጆሮው አጠገብ ዝግ ባለ ድምፅ ድገሙለት።