የነፍሰ ጡር እናቶች የጤና ግንዛቤ በጅማ

የነፍሰ ጡር እናት የጤና ግንዛቤ ማለት ፊደል መቁጠር ብቻ አይደለም። የተነገራትን መረዳት፣ ከወሬ መለየትና በጊዜው ጤና ጣቢያ መድረስ መቻሏ ጭምር ነው።

ትምህርት ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ለብዙዎቹ ፋይዳ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አነጋገሩ ነው። በጅማ ከተማ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይነገራል። በዙሪያው ገጠር ዋናው አፋን ኦሮሞ ነው። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ ከዳውሮ፣ ከከፋና ከየም ጭምር በሪፈር የሚመጡ አሉ። አዋላጇ የደም ግፊቷን ለክታ «ግፊትሽ ጨምሯል» ስትላት እናትየዋ «እሺ» ትላለች። ምን እንደገባት ካልተጠየቀች ግን ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ሲመጣባት «ድካም ነው» ብላ ልትተኛ ትችላለች። እነዚህ ግን ከደም ግፊቱ ጋር የሚያያዙ፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጡ ምልክቶች ናቸው። የሰማችውን በራሷ ቃል መልሳ እንድትናገር ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ወረፋ በዛ ተብሎ መዘለል የለበትም።

ለደም ማነስ መከላከያ የሚሰጠው የአይረን ክኒንም እንዲሁ ነው። ሰገራ ያጠቁራል፣ አንዳንዷንም ያቅለሸልሻታል። ይህ ቀድሞ ካልተነገራት ደንግጣ ታቆመዋለች። ጎረቤትም «ልጁን ያገዝፍብሻል» ካለቻት አለቀ።

ቤት ውስጥ የባልና የአማት ቃል ይከበራል። እነሱ ያልሰሙትን ምክር እሷ ብቻዋን መተግበር ይከብዳታል። የመንገድ ርቀት፣ የትራንስፖርት ወጪና የቡና ለቀማ ወቅት ሥራም ከክትትል ያስቀሯታል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መመደብን ያለመ ነበር። የሰፈሩን ቋንቋ ስለሚያውቁ ይደመጣሉ። ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው የሚያወያዩበት መድረክም አለ። በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች የእናቶች ማቆያ ቤቶችን (መውለጃቸው የተቃረበ እናቶች ጤና ተቋም አጠገብ የሚቆዩባቸውን) ለማሻሻልና የአካባቢ መሪዎችን፣ የሃይማኖት አባቶችን ጨምሮ፣ ለማሠልጠን ተሞክሯል። ማቆያ ቤት የሚገባው ግን እርግዝናው ሲገፋ ነው። የመጀመሪያው ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት እንዲጀመር ይመከራል፤ ብዙ ሴቶች በዚያ ጊዜ እርግዝናቸውን ለሰው መንገር አይፈልጉም።