የበኩር ልጅ ክብደት ለምን ያንሳል? የእናትየዋ ልደትስ ምን አገባው?

የበኩር ልጅ ሲወለድ በአማካይ ከተከታዩ ከ100 እስከ 200 ግራም ያንሳል። ምክንያቱ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው። ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት ጠመዝማዛ የደም ስሮች በመጀመሪያው እርግዝና መስፋት አለባቸው። ከወሊድ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበሩበት አይመለሱም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ የተጠረገ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ደሙም በደንብ ይደርሰዋል። ትልቁ ልዩነት በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እምብዛም ነው።

ሰው የሚምታታበት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ክብደቷ አንሶ የተወለደች ሴት፣ በአማካይ እሷም ክብደቱ አነስ ያለ ልጅ ትወልዳለች። ይሄ ግን ልጁ ስንተኛ ሆኖ ተወለደ የሚለው ጉዳይ አይደለም፤ የእናትየዋ የራሷ ልደት ነው። እናት በኩር ስለሆነች ብቻ ልጇ ትንሽ ይሆናል ማለትም አይደለም። ዘር፣ ምግብ፣ ሲጋራ፣ የእርግዝናው ርዝመት... ሁሉም እጃቸው አለበት።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበት አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና 45 ክረምት ሆላንድ በረሃብ ተመታች። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ረሃቡ ያገኛቸው እናቶች የወለዷቸው ሴቶች፣ አድገው በተራቸው ወለዱ። ተመራማሪዎች እንደዘገቡት፣ በነዚህ ሴቶች ዘንድ ሁለተኛው ልጅ ከመጀመሪያው እንደተለመደው በክብደት አልበለጠም። ረሃቡን የቀመሰችው ግን አያትየዋ ነበረች።