ስለ ወለል ማሞቂያ በደሴ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርዷ ብርቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት በዚህ ወቅት ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ይበተናል፤ ነዋሪውም ጋቢ ደርቦ፣ ከሰል አፋፍሞ ያመሻል። ከወለል በታች የሚቀበር ማሞቂያ የአዲስ ቤት ባለቤቶች መነጋገሪያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ለብ ያለ ውኃ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የሚያዞር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሴራሚኩ ሥር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ስለ ሁለቱም የሚወራው ነገር ግን ከእውነታው ብዙ ጊዜ ይርቃል።

«ይህ የአዲስ ቪላ ነገር ነው፤ የድሮ ቤት አይችለውም»

በተግባር የሚታየው አንዳንዴ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ትንንሽ መስኮት ያለው፣ ኮርኒሱ በደንብ የተመታ የድሮ ቤት፣ በባዶ ብሎኬት ተገንብቶ ሰፋፊ የአሉሚኒየም መስኮት ከተገጠመለት ቪላ ይልቅ ሙቀት ሊይዝ ይችላል። የድሮው ቤት ዋና ችግር የወለሉ ከፍታ ነው። የውኃው ዓይነት ከሥር የሚነጠፈው ሙቀት መከላከያ ስታይሮፎም፣ ቧንቧውን የሚሸፍነው የስሚንቶ ንብርብር (ስክሪድ) እና ሴራሚኩ ሲደመሩ ወለሉን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በሩ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ወይ ነባሩን ሊሾ አፍርሶ መሬቱን መቆፈር፣ ወይ ደግሞ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን የኤሌክትሪክ ገመድ መምረጥ ግድ ይላል። ጣውላ በተነጠፈባቸው አሮጌ ቤቶች ቧንቧውን በወራጆቹ መካከል መዘርጋት ይቻላል፤ ቅድሚያ ግን እንጨቱን ምስጥ እንዳልበላው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ወለሉ ከሞቀ ቤቱ ሁሉ ይሞቃል»

ትልቁ ስሕተት ይህ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የወለሉ ገጽ ደግሞ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን የሆነው 29 ዲግሪ ቢሆን፣ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ለክፍሉ የሚሰጠው 100 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ 12 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መኝታ ቤት ቢበዛ 1,200 ዋት ያገኛል። ውጭው 8 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት፣ ኮርኒስ የሌለው የዚያው ክፍል ቆርቆሮ ብቻውን 1,000 ዋት ገደማ ወደ ሰማይ ይለቃል። በነጠላ መስታወት መስኮት በኩል ደግሞ በካሬ ሜትር 70 ዋት ያህል ይወጣል፤ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት የሚገባው ነፋስ ገና አልተቆጠረም። እንዲህ ባለ ቤት ወለል ማሞቅ ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ነው። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ገንዘብ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ወጪ ከኮርኒሱ በላይ በሚነጠፍ ሙቀት መከላከያና ክፍተት በመድፈን ላይ ቢያውለው፣ ምናልባት ማሞቂያውን ጨርሶ ሳያስፈልገው ሊቀር ይችላል። ይህን የሚናገር ሻጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከታች በኩልም ኪሳራ አለ። በስላቡና በቧንቧው መካከል ስታይሮፎም ካልገባ ሙቀቱ ወደ መሬት ይሄዳል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ስታይሮፎም ነው፤ መሰረዝ የሌለበት ግን እሱ ነበር።

«ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አይሠራም»

ወለሉ ውስጥ የሚዞረው ውኃ አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ እዚያው የሚመላለስ ዝግ ዑደት እንጂ ከቧንቧ መስመሩ በየቀኑ የሚቀዳ አይደለም። መጠኑም ትንሽ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ 100 ሜትር ቧንቧ የሚይዘው 11 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያንሳል። ቧንቧው በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተዘረጋ ይኸው 100 ሜትር 15 ካሬ ሜትር ወለል ይሸፍናል።

«የመብራት ክፍያው አይቻልም»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ለ12 ካሬ ሜትር ክፍል በካሬ ሜትር 150 ዋት የሚወስድ ገመድ ቢዘረጋ 1,800 ዋት ይሆናል፤ በየምሽቱ 5 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር 270 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የእንጀራ ምጣድ ኃይሉ ከዚህ ቢበልጥም የሚጣደው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪኩን ዓይነት ለሻወር ቤት ወይም ለአንድ ክፍል መወሰን ብልህነት ነው።

በውኃ የሚሠራው ግን ሌላ ዕድል አለው። የሚፈልገው ውኃ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የደሴ ሌሊት ብርድ የሚበረታበት ወቅት ደግሞ ቀኑ ፀሐያማ የሚሆንበት ወቅት ነው። ጣሪያ ላይ ባለ ሶላር የሞቀ 200 ሊትር ውኃ ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ በመንገድ የሚባክነው ካልታሰበ፣ በደንብ ለተደፈነና 700 ዋት ለሚበቃው መኝታ ቤት ይህ የ10 ሰዓት ስንቅ ነው። ሆኖም የ60 ዲግሪው ውኃ እንዳለ ወደ ወለሉ አይላክም፤ የሻወሩና የወለሉ ውኃም ሳይገናኙ ሙቀት ብቻ የሚያስተላልፍ ዕቃ (ሂት ኤክስቼንጀር) በመካከላቸው መግባት አለበት። መብራት ሲጠፋ የምትቆመው ውኃውን የምታዞረው ትንሿ ፓምፕ ብቻ ናት። አንድ አምፖል የሚወስደውን ያህል ስለምትወስድ በባትሪም ትሠራለች፤ የሞቀው ስክሪድም ለጥቂት ሰዓት ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል።

«ወለሉ ስለሚፋጅ እግር ያሳብጣል»

በደንብ የተሠራ ወለል አይፋጅም። የ29 ዲግሪው ገደብ ከሰው ቆዳ ሙቀት ያነሰ በመሆኑ፣ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው የሚሰማው ቅዝቃዜው አለመኖሩ ነው። በጤና ረገድ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የለመድነው ከሰል ነው። ፍሙ ከቀላ በኋላ ጢስ ባይኖረውም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን ይቀጥላል፤ በር ዘግቶ ከእሱ ጋር መተኛትም ይገድላል።

«ምንጣፍ ሲደረብበት ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል»

መያዙንስ ይይዘዋል፤ ግን ከታች፣ ሰው በሌለበት በኩል ነው። በወሎ ቤቶች የተለመደው መጅሊስ ወፍራም ፎም ያለው በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ እንዳይወጣ ይከለክላል። የኤሌክትሪክ ገመድ ከሥሩ ካለ ደግሞ የታፈነው ሙቀት ገመዱን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ፎርማኑ ቧንቧ ወይም ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ባለቤትየዋ መጅሊሱ፣ ቁም ሣጥኑና አልጋው የሚያርፉበትን ቦታ በኖራ ብታሰምርለት፣ ገመዱ ያንን ቦታ ዘሎ ያልፋል። ቡና የሚፈላበት፣ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት መሐል ወለል ግን በደንብ መሞቅ ይገባዋል። ሴራሚክ ሙቀት በማስተላለፍ ቀዳሚ ሲሆን፣ ስስ ስጋጃ ብዙም አይጎዳም።

«ቧንቧው አንድ ቀን ቢፈስ ወለሉ በሙሉ ይፈርሳል»

ወለሉ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ መቀጠያ ሊኖረው አይገባም፤ ውኃውን ለየቧንቧው ከሚያድለው ማከፋፈያ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው የሚመለስ አንድ ወጥ ነው። ስክሪዱ ከመፍሰሱ በፊት ከ4 እስከ 6 ባር በሚደርስ ግፊት ይፈተናል፤ ስክሪዱ ሲፈስም ግፊቱ እንዳለ ይቆያል፤ ሠራተኛ ቧንቧውን በአካፋ ቢወጋው የግፊት ጠቋሚው ወዲያው ይወርዳል። አደጋው በኋላ የሚመጣው በድሪል ነው። ስለሆነም ወለሉ ከመሸፈኑ በፊት ከግድግዳው ያለው ርቀት በሜትር እየተለካ ፎቶ ይነሣ።

«ለደሴ የሆነ ለኮምቦልቻም ይሆናል»

ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኝና ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ ገንዘቡ ለጥላና ለነፋስ መውጫ ቢውል ይሻላል።

«ስክሪዱ እንዲደርቅ ማሞቂያውን ቶሎ ማብራት ነው»

የስሚንቶ ስክሪድ ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞቅ መቆየት አለበት። ከዚያም ውኃው ለሦስት ቀን በ25 ዲግሪ ዞሮ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል፤ ሴራሚኩ የሚለጠፈው ከዚህ በኋላ ነው። ጠርዙ ላይ ከግድግዳው የሚለየው ስስ ፎም መኖሩንም ማየት ያስፈልጋል፤ ስክሪዱ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ካጣ መሰንጠቁ አይቀርም።