«ዛፍ ያው ዛፍ ነው»፦ የድሮ ሆሊውድ አባባል

ሰሞኑን አንድ የክሊፕ ቀረጻ ላይ ተገኝቼ ነበር። መብራቱ ተዛንፎ የድምፃዊቷ ግማሽ ፊት ጨልሟል። ካሜራ ያዡ እናስተካክለው ሲል ዳይሬክተሩ «ተወው ባክህ፣ ሆሊውዶች እንኳ ዛፍ ያው ዛፍ ነው ይላሉ» ብሎ አለፈው። አባባሉን ያውቀዋል፤ ቦታውን ግን ስቷል።

ሙሉው እንዲህ ነው፦ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ዛፍም ዛፍ ነው፤ ግሪፊዝ ፓርክ ሄደህ ቅረጸው!» ሩቅ አገር ወስደኸኝ ካልቀረጽኩ ለሚል ዳይሬክተር ፕሮዲዩሰሩ የሚሰጠው መልስ ነው።

ግሪፊዝ ፓርክ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለ ኮረብታማ ቦታ ነው። ግሪፊዝ ጄ. ግሪፊዝ የሚባል ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1896 ከ3,000 ኤከር በላይ መሬት ለከተማው ሰጠ። (የፊልም ዳይሬክተሩ ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ሌላ ሰው ነው፤ አታምታቱብኝ።) በ1911 ሆሊውድ ውስጥ የመጀመሪያው ስቱዲዮ ሲከፈት ፓርኩ ቅርብ ነበር።

የዚያን ጊዜ ዋናው መብራት ፀሐይ ነበረች። የስቱዲዮው መድረክ ጣሪያ የለውም፤ ብርሃኑ እንዲለዝብ ከላይ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል። ለውጪ ቀረጻ ደግሞ በጠዋት ፈረሱ፣ አልባሳቱ፣ በእጅ የሚዞረው ካሜራ፣ የምሳው ሳጥን ይጫናል። ጥላው ሲረዝም ሥራው ያበቃል። ሩቅ ከተሄደ መንገዱ ፀሐይዋን ይበላታል፤ የአጃቢ ተዋንያኑና የፈረሱ የቀን ሂሳብ ግን አይቆምም።

ከሁሉ የምወደው ብሮንሰን የሚባለውን የፓርኩን ጥግ ነው። ከ1903 ጀምሮ ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ ቦታ ነው። ድንጋዩ ሲወጣ አጭር ዋሻ ቀረ። ዋሻ ይባል እንጂ ወዲያና ወዲህ ክፍት ነው፤ ካሜራው በሰያፍ ካልቆመ ከኋላ ሰማዩ ይታያል። በሰያፍ ከቆመ ግን የሽፍታ መደበቂያም፣ የሌላ ፕላኔት መግቢያም ይሆናል። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም ስናይ አክተሩ ሦስቴ በአንድ ቋጥኝ ሥር ሲያልፍ እንስቅ ነበር። ፈረሱ ግን ሁሌም የሚያምር ፈረስ ነበር።

አባባሉን ማን ጀመረው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አቤ ስተርን ነው፤ የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ መሥራች የካርል ሌምሌ የሚስት ወንድም፣ ርካሽ አጫጭር ኮሜዲዎችን በብዛት የሚያመርት ሰው። እኔ ግን የአንድ ሰው ቀልድ ነው ብዬ አላምንም። በኔ ግምት የተወለደው ከሂሳብ ክፍል ነው። እስከ 1910 አካባቢ አብዛኞቹ አምራቾች የተዋናይ ስም አይናገሩም ነበር፣ ክፍያ እንዳይወደድባቸው። ከዚያ ተመልካቹ ፊት እየለየ መጣ። በ1916 ቻርሊ ቻፕሊን ከሙቹዋል ኩባንያ ጋር ለአንድ ዓመት በ670,000 ዶላር ተፈራረመ። ለአንድ ፊት ይህን ያህል የከፈለ ኢንዱስትሪ ለዛፍ ከየት ያምጣ? አባባሉ የዚያ ዘመን ልጅ ነው ባይ ነኝ።

ዓይን በሚያርፍበት ላይማ አልሰሰቱም። በዚያው በ1916 ለእይታ ለበቃው «ኢንቶለራንስ» ፊልም የባቢሎን ግንብ ሰንሴት ጎዳና ላይ ተገትሮ ነበር። ግንብ ሲያስፈልግ ግንብ፣ ፊት ሲያስፈልግ ፊት፤ የተቆጠበው ማንም ልብ በማይለው ቋጥኝ ላይ ነው። በ1927 ደግሞ ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ ነገሩን ካርታ አድርጎ ሣለው፦ ካሊፎርኒያ ላይ ሳሃራ፣ ቀይ ባሕር፣ የስዊስ ተራሮች ተጽፈውበታል። ባለሀብት እንዳይፈራ፣ ዓለም ሁሉ እዚሁ አለልህ ለማለት።

እኛ ጋ ግን አባባሉ የስንፍና ፈቃድ ሆኗል። ዋናዋ ሰው ሳትታይ ዛፍ ያው ዛፍ ነው አይባልም። ዛፉስ ቢሆን? የአፄ ፋሲል ዘመን ድራማ እንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል ሲቀረጽ ያናድደኛል። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው! ወጪ ከሆነ ችግሩ፣ ጥድና ወይራ ያለው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፈልጉና አለቃውን አስፈቅዱ።