በረዶ ምንድን ነው? ለምንስ ሞቃት ቀን ይመርጣል?

የምናወራው ቆርቆሮ እየደበደበ ስለሚወርደው በረዶ ነው። የፍሪጁንና የተራራ ጫፉን ለጊዜው እንተወው።

ብዙ ሰው በረዶን ብርድ ያመጣው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ብርድ የሚያመጣው ውርጭ ነው፤ እሱም በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ይጥላል። በረዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ካረፈደች በኋላ፣ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው።

እንዴት መሰላችሁ? የጋለ መሬት ከላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀውና እርጥበት ያዘለው አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ደመናው ወደ ጎን ከመንሰራፋት ይልቅ ወደ ላይ ይቆለላል፤ ጫፉ 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የሜትሮሎጂ ሰዎች ኩሙሎኒምበስ ይሉታል።

የሚገርመው እዚያ ውስጥ የሚሆነው ነው። ውኃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል ብለን ተምረናል አይደል? የደመና ጠብታዎች ግን የሚረጉበት ቅንጣት ካላገኙ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወርደውም ውኃ እንደሆኑ ሊቆዩ ይችላሉ። አንዲት የበረዶ ፍሬ መሐላቸው ስትገባ ታዲያ፣ ልክ ሲነኳት እላይዋ ላይ ይረጋሉ። ፍሬዋ ትወፍራለች። ከታች የሚመጣው ነፋስ ደግሞ እንዳትወድቅ ደግፎ ይይዛታል። መሸከም ሲያቅተው ትወርዳለች። ትልልቅ በረዶ ከወረደ ላይ ያለው ነፋስ የዋዛ አልነበረም ማለት ነው።

ተለቅ ያለ ፍሬ ካገኛችሁ በቢላ ለሁለት ክፈሉት። እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ አንዱ ሽፋን ጥርት ያለ፣ ሌላው ነጭ። ነጩ ጠብታው ወዲያው በመርጋቱ አየር የታፈነበት ነው። ጥርት ያለው ቀስ ብሎ ስለረጋ አየሩ አምልጦታል።

እነዚህ ፍሬዎች ከደቃቃ በረዶ ጋር ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መብረቁ የሚመጣው ከዚያው ነው። በረዶ ፈርቶ ዛፍ ሥር መጠለል እንግዲህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ደጋው ላይ ለምን ይበዛል? በኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ጠለል 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ፍሬው በሞቃት አየር ውስጥ የሚጓዘው 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሳይቀልጥ ይደርሳል። ቆላ ግን መንገዱ ስለሚረዝም አብዛኛው ዝናብ ሆኖ ይወርዳል።

ከተሜው መንገዱ ነጭ ሲለብስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ይነሳል። ያሸተ ጤፉ የተመታበት ገበሬ ግን የዓመት ልፋቱ ነው መሬት ላይ የተዘረረው። ደግሞ የበረዶ መንገድ ጠባብ ነው። የአንዱን ማሳ አውድሞ የጎረቤቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

የኛ በረዶ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቢያክል ነው፤ አልፎ አልፎ ይብሳል። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ ቪቪያን በምትባል ትንሽ ከተማ በ2010 የወረደው ግን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። በክብደት ሪከርዱን የያዘው በ1986 ባንግላዴሽ ጎፓልጋንጅ ላይ የወደቀው ነው፤ 1.02 ኪሎ ግራም። በ1888 ሕንድ ሞራዳባድ አካባቢ የወረደ በረዶ 246 ሰው ገድሏል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እኛ አገር በረዶ ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተራዎች ነበሩ። በኦስትሪያ ደግሞ በ1896 የወይን ገበሬዎች ደመና ላይ መድፍ መተኮስ ጀመሩ። የመድፉ ድምፅ በረዶ ስለማስቆሙ እስካሁን ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም። መድፉ ግን ዛሬም ይሸጣል፣ ገዢም አላጣም።